ዋጋው እስኪወርድ

የሰው ቤት ዋጋው እስኪወርድ መጠበቅ ብልኅነት ነው ወይስ ግፍ? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በ2017 ክረምት በስልክ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ላይብረሪም ስገባ ካፌም ስቀመጥ አብሮኝ አለ። እስቲ እናንተም ትንሽ ተሸከሙልኝ።

አገሬ ማንኩሳ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታልፏት ከተማ ናት። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን ከዚያ ስለ ጀመሩ፣ እዚህ ግቢ አገሬን በተናገርሁ ቁጥር «አሃ፣ የነበዛብህ አገር!» እባላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ስለ በዛብህ ደንታ የለውም፤ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ «ጋሼ» ነው የምለው። ይህን የምጽፍበት ደብተር ሳይቀር በበርበሬ ገንዘብ የተገዛ ነውና ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ያንን እያሰባችሁ አንብቡት።

ጋሼ ለብዙ ዓመታት እቁብ ሲጥል የኖረው ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ገዝቶ ልጆቹን እዚያ ለማስተማር ነው። ዓይኑን የጣለበት ቤት የአንዲት ባልቴት ነው። እኔም በደንብ አውቃቸዋለሁ። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ስማር ከግቢያቸው ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነበርሁ፤ ስንቄ ሲያልቅ ያበሉኝ እትዬ ናቸው። የሚተዳደሩት በነዚያ አራት ክፍሎች ኪራይ ነበር። ተከራዩ ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ግማሹ እንደኔ ስንቁን ተሸክሞ የመጣ ተማሪ ነበር።

ከዚያ 2015 መጣ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሃል ከተማ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ሠራተኛው ዝውውር ይጠይቃል፤ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። የቤት ዋጋ የሚወርደው እንዲህ ነው እንጂ ማንም ተነሥቶ «ይውረድ» አይልም። ኪራይ የማያመጣ ቤት ባለቤቱን መመገቡ ይቀርና ባለቤቱ የሚመግበው ይሆናል። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ገዢ መጥቶ እንዳያይ መንገድ የለም። ስለዚህ ገዢ የሚባለው የአካባቢው ሰው ብቻ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ማለት እንግዲህ ጋሼ ነው።

እትዬ አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ ወሰኑና ቤቱን ለሽያጭ አወጡት። ጋሼ ዋጋውን ሰማ፤ «ገና ነው» አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀነሱ። «ገና ነው።» እንደገና ቀነሱ። በሦስተኛው ጊዜ ደላላው ራሱ አፍሮ ይመስለኛል፣ መልእክቱን በሌላ ሰው ነው የላከው።

በዚህ መሃል እኔ አንድ ወሬ ሰማሁ። የዶርም ጓደኛዬ አጎት፣ ውጭ አገር የሚኖር ሰው፣ መንገዱ ደኅና ሲሆን የሚገዛው ቤት እዚያው ሰፈር እንዲፈለግለት ዘመዶቹን አዟል፤ ስለ ዋጋም ብዙ የሚከራከር ሰው አይደለም። እኔ ሞኙ ለወሬ ያህል ብዬ ለጋሼ ደውዬ ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና፣ «በል ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «አንተን እኮ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ። እስቲ ደውልላቸውና፣ አሁን ካሉት ዋጋ ላይ ሲሶውን ቢቀንሱ ነገውኑ ገንዘቡን ይሰጣል በላቸው።»

እሺም እንቢም ሳልል ካርዴ አለቀ ብዬ ዘጋሁት። የመጀመሪያው ውሸት የኔ ነበር ማለት ነው።

አማርኛችን «መጠበቅ» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይላል። እረኛ ከብት ይጠብቃል፤ መንገደኛ አውቶቡስ ይጠብቃል። የፊተኛው እንዳይጠፋ ዓይን መጣል ነው፤ የኋለኛው እስኪመጣ መቆየት። ድመትም አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ስትቀመጥ «ጠበቀች» ይባል ይሆናል፤ ትክክለኛው ቃል ግን «አደባች» ነው። ከውጭ ለሚያይ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። ጋሼ ሦስት ጊዜ «ገና ነው» ሲል የትኛውን እያደረገ ነበር?

ፍርዱ እንዳይዛባ ለጋሼ ጠበቃ ልቁምለት። (ጠበቃም ከዚያው ግንድ የበቀለ ቃል ነው።) አንደኛ፣ ለነጋዴ መጠበቅ ሙያው ነው። ገበሬው ምርቱ በገባ ሰሞን ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ ይጫነዋልና በረከሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ጋሼ ገዝቶ መጋዘን ያስገባና ክረምት ላይ ያወጣዋል። ይህን ሌብነት ያለው የለም፤ የሚያቆየው ሰው ባይኖር ክረምት ላይ ምን ይበላል? ሁለተኛ፣ ጋሼ ራሱም እየከሰረ ነው የጠበቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እትዬ ሀብታቸውን በግድግዳና በቆርቆሮ ይዘውታል፤ እሱ በብር ይዞታል፤ ብር ደግሞ ተቀምጦ ይሟሟል። ሦስተኛው ክርክር የራሱ የጋሼ ነው። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሰው አይደለምና ነቢዩ ኤርምያስን ጠቀሰብኝ፤ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበው ሳለ ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት ያለውን መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ የለም ወይ?

ገዝቷል። ሄጄ ደግሜ አነበብሁት፤ ምዕራፍ 32 ነው። ነገር ግን ከተማው በጠላት ተከቧል፣ ገዢው ራሱ እስረኛ ነው። ዋጋ እስኪወርድ የሚጠብቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥቂት ቢቆይ በነጻ ባገኘው። እሱ ግን ብሩን መዝኖ፣ ምስክር አቁሞ፣ ውሉን በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ይህን ለጋሼ ስነግረው፣ «እሱማ ነቢይ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ስለ ዝምታው ግን የፍልስፍና ትምህርታችን ላይ ያገኘሁት አንድ ነገር አለ። ሮማዊው ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ለልጁ በጻፈው፣ ስለ ሰው ግዴታ በሚናገረው መጽሐፉ እንዲህ ይጠይቃል፦ ሮድስ ደሴት ላይ ረኃብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች የእህል መርከቦችም ከኋላው እየመጡ እንደ ሆነ አይቷል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ባቢሎናዊው ዲዮጌኔስ፣ ሰውየው እስካልዋሸ ድረስ ዝም ማለት ማታለል አይደለም ይላል። አንቲፓጥሮስ ደግሞ የአንድ ሰው ጥቅም ከሰው ሁሉ ጥቅም አይለይምና፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ መቅረት የለበትም ይላል። ኪኬሮ ከአንቲፓጥሮስ ጋር ቆመ። ሳነበው የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ የሚጠረጠረው ሁልጊዜ ሻጩ ነው። ቀጥሎ የሚያመጣው ምሳሌም የቤቱን ጉድለት ደብቆ የሚሸጥ ሰው ነው። የሚያውቀው ገዢው፣ የማያውቀው ሻጩ ሲሆንስ? የኛ ጉዳይ ይህ ነው። ከኋላ የሚመጣው መርከብ ሌላ ገዢ ነው፤ መርከቡን ያየነው እኔና ጋሼ ነን።

ደግሞስ «ወረደ» ስንል ምኑ ነው የወረደው? አያቶቻችን ርስት አይሸጥም ባይ ነበሩና ይህ ጥያቄ እምብዛም አላስጨነቃቸውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ አጸና። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት እትዬ የሚሸጡት ግድግዳውንና ቆርቆሮውን ነው። ግድግዳው ያው ነው። ቆርቆሮና ምስማር እንደ ሆነ ተወደደ እንጂ አልረከሰም። አዎ፣ ተከራይ ስለ ጠፋ ቤቱ በእውነትም የቀነሰ ነገር አለው፤ ይህን አልክድም። ግን ሦስት ጊዜ ሲወርድ ቤቱ ሦስት ጊዜ አልፈረሰም። እንደኔ እንደኔ በየጊዜው የወረደው የእትዬ የመቆየት አቅም ነው።

ስለዚህ ነው ጋሼ የሚመስለው ከኤርምያስ ይልቅ ዮሴፍን ነው የምለው። ዘፍጥረት 47 ላይ እንዳለው፣ በረኃቡ ጊዜ ግብፃውያን መጀመሪያ ብራቸውን ሰጡ፤ ብሩ ሲያልቅ ከብታቸውን፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬታቸውንና ራሳቸውን። ዮሴፍ በዱላ ያስገደደው ሰው የለም። ጎተራው በእጁ ስለ ነበረ መቆየት ይችል ነበር፣ እነሱ አይችሉም ነበር፤ ሌላ ምክንያት አላስፈለገም። እኛ ይህን ታሪክ በልጅነታችን የሰማነው ለብልኅነት ምሳሌ ነው። ሻጮቹ ምን እንዳሰቡ የጠየቀ ትዝ አይለኝም። ሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ ቅርቡን ይመልከት። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ ፈረንጆቹ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የኛውን የ1965 እና 66 የወሎ ረኃብ ሲመረምር፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል እንዳልናረ አሳይቷል። እህሉን የሚገዙበት አቅም ነው የጠፋው። የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን አምጥቶ በእህል ሲመነዝር የከብቱ ዋጋ ወድቆ ቆየው። ከብቱ ከስቷል፣ እርግጥ ነው። የባለቤቱ መቸኮል ግን ከክሳቱ የበለጠ ዋጋውን የቀነሰ ይመስለኛል።

እንግዲህ ሰው በረከሰ ዋጋ አይግዛ አልልም፤ እንዲህ ካልሁማ ጫማዬንም አውልቄ መመለስ አለብኝ። የምለው ገዢው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ ነው፦ ሻጯም እንደኔ አንድ ዓመት መቆየት ቢችሉ በዚህ ዋጋ ይሸጡልኝ ነበር? ይሸጡ ከነበረ ሳያፍር ይግዛ። ካልሆነ ግን ያ ሲሶ ከቤቱ ላይ የተቀነሰ አይደለም፤ ከሳቸው ጉሮሮ ላይ ነው።

ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ወንድምህ ባይገዛስ ማን ይገዛቸዋል? ገንዘብ እያላቸው ጭራሽ ለመግዛት የማያስቡትን መቶ ሰዎች ማንም አይወቅስም፤ አንተ የምትወቅሰው ቢያንስ ገንዘብ ይዞ የመጣውን አንዱን ነው።» እውነቱን ነው፤ ነገሩን ያከበደብኝም ይኸው ነው። ግን የብር ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ ዳር ቆሞ የሚያይ አለ፣ ገመድ ይዞ «በሬህን ትሰጠኛለህ?» የሚልም አለ። ሁለተኛው ሰውየውን ያወጣዋል፤ ከመጀመሪያው ይሻላል። በሬውን ይዞ ቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱን ምን ብሎ ይነግራታል?

በመጨረሻ ደወልሁ። ኔትወርኩ እንቢ ብሎኝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መልእክተኛ ነኝና በመጀመሪያ የጋሼን ዋጋ ነገርኋቸው። ከዚያ አፌን ያዝ እያደረገኝ፣ ሌላ ገዢ እንዳለ፣ መንገዱ ደኅና ከሆነ ሊመጣ እንደሚችል፣ የተሻለም እንደሚሰጥ ነገርኋቸው።

«እሱንስ ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ዘመዶቹን ልኮ ቤቱን አሳይቷል። መንገድ ሲከፈት ነው ያለ።»

«ታዲያ ትንሽ ቢቆዩስ፣ እትዬ?»

«እስከዚያ ምን እየበላሁ ልቆይ?»

ለካስ ያ ሁሉ የኪኬሮ ክርክር፣ ይነገር አይነገር ያልሁበት ሌሊት ሁሉ፣ እሳቸው ቀድመው ስለሚያውቁት ነገር ነበር። ማወቁ አልጠቀማቸውም።

ያደረግሁትን ለጋሼ ሳልደብቅ ነገርሁት። አንድ ሳምንት አልደወለልኝም። ሲደውል ስለ ቤቱ አላነሣም፤ የወሩን ገንዘብ እንደ ላከልኝ ብቻ ነገረኝ፤ ከወትሮው አልጎደለም። ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ቤቱ አልተሸጠም። እናታችን እንደ ነገረችኝ ከሆነ ጋሼ ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱን ለበርበሬ ማስቀመጫ ተከራይቶ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ ከፍሏል። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ይሁን ወይስ እትዬ ጠይቀውት፣ መንገድ ሲከፈት ሄጄ እጠይቀዋለሁ።