ስለ እብድ ገዳይና ስለ ፈሰሰው ደም

ምስጋና ለአላህ ይኹን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸውም ላይ ይውረድ።

የአላህ ባሮች ሆይ፤ ወንድሙ የተገደለበት ሰው በልደታ በሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ገዳዩ አእምሮው የታወከ ነው ተብሎ ቅጣቱ ሲቀልለት ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሲላክ ቢሰማ፣ የወንድሜ ደም ከንቱ ቀረ ብሎ ያለቅሳል። ልቅሶው እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ሸሪዓ ያዘዘውን ሳያውቅ ቂም ይዞ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ እንነግረዋለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዝጋቢው ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ መነሣቱን አስተምረዋል፤ ይኸውም ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪያድግ፣ ከእብድም እስኪሻለው ድረስ ነው። በኸሊፋው ዑመር ዘመን አንዲት እብድ ሴት በዝሙት ተከሳ ሞት ሊፈጸምባት ሲል፣ ዐሊይ ይህንኑ ትምህርት አስታውሰው አስጣሏት። ስለ ነፍስ ግድያም ኢማም ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡት አለ። መርዋን ኢብኑል ሐከም ሰው የገደለ እብድ ቀርቦለት ወደ ሙዓዊያ ጽፎ ጠየቀ፤ በእብድ ላይ ቂሷስ የለም የሚል መልስ መጣለት። ሙዓዊያ በዚሁ መልስ የጻፉት አንድ የዐረብኛ ቃል «እሰረው» ተብሎም «የደሙን ካሣ ክፈል» ተብሎም ሊተረጐም ይችላል፤ ለእኔ ግን ኹለቱም ለጉዳዩ የሚስማሙ ይመስለኛል።

ደሙ ከንቱ አይቀርምና። አብዛኞቹ ሊቃውንት እብድ አስቦ የሠራው እንኳ እንደ ስሕተት ይቈጠራል ብለው፣ ካሣውን ማለት 100 ግመልን ወይም ዋጋውን ዘመዶቹ በ3 ዓመት እንዲከፍሉ ወስነዋል። እብደቱ የሚመጣና የሚሄድ ሰው ግን በጤናው ሰዓት ከገደለ እንደ ጤነኛ ይጠየቃል። ስለዚህ ዳኛው የሚመረምረው ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ነው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 የድርጊቱን ምንነት ሊረዳ ወይም ራሱን ሊገዛ ያልቻለውን ሰው ከቅጣት ነጻ ያደርጋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን እንዲታከም ወይም ተለይቶ እንዲጠበቅ ሊያዝ ይችላል። አእምሮው ፈጽሞ ሳይጠፋ የተዳከመውን አንቀጽ 49 በከፊል ብቻ ኃላፊ ያደርገዋል። ለተራ ግድያ የተደነገገው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲኾን፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ዳኛው ከ5 ዓመትም በታች ሊወርድ ይችላል። ወንጀል ሊሠራ ብሎ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ያሳበደ ሰው ግን ከዚህ ምሕረት ውጭ ነው። የሚያጠራጥር ሲኾን ባለሙያ ይመረምራል፤ በአማኑኤል ሆስፒታል ይህ ሥራ ይሠራል። ሐኪሙ በዕውቀቱ ያረጋገጠውን ዳኛው ይቀበላል፤ ሕጉን የሚተረጕመው ግን ራሱ ዳኛው ነው።

እናንተ ነጋዴዎችና የቤት አባወራዎች ሆይ፤ ካሣው በዘመድ ላይ ለምን ወደቀ? ከምክንያቶቹ አንዱ ዘመድ ሊጠብቀው ይገባ ስለ ነበር ነው። የታመመ ወንድሙን እፍረት ፈርቶ በጓዳ የሚደብቅ፣ ጂን ነው ብሎ ሐኪም የሚከለክለው፣ ስለትም ከእጁ የማያርቅ ሰው ይህን ያስብ።

የሟች ወገንም፣ አላህ በሱረቱል ኢስራእ ለተበደለው ወራሽ ሥልጣን እንደ ሰጠው፣ በመግደልም ወሰን እንዳያልፍ እንደ ከለከለው ይወቅ። የታመመውን ሰው ወንድም ጠብቆ መግደል ወሰን ማለፍ ነው። የገዳዩ ዘመዶች ደግሞ የፍርዱን ቀጠሮ መጨረሻ ሳይጠብቁ ሽማግሌ ወደ ሟች ቤት ይላኩ፤ ካሣውንም ከነይቅርታው ያቅርቡ።