ሳይዘሩ መጠየቅ

ልጆቼ፣ ከመርሳ ግብርና ኮሌጅም ሆነ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በሀብሩ መሬት አዲስ ሥራ ልትጀምሩ የተነሣችሁ፣ እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ። ሥራው ሳይያዝ ወሬው አይቅደም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገራችን ሰው።

አቀንጭራ የተባለውን አረም ታውቁታላችሁ። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ከሥር ግን የማሽላውን ሥር ይዞ ይጠባዋል፤ ብቅ ብሎ ስታዩት ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል። አንዱ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ትቢያ የመሰለ ዘር ያራግፋል። ያ ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚቀሰቅሰው ማሽላው ራሱ ነው፤ ሥሩ የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል። በወሎንኮሚ ጎጆ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ከባልደረቦቻቸው ጋር የያዙት ይህንን ምስጢር ነው። ኬሚካሉን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ፈልገው አዳቀሉ፤ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ መጡ። አፉን ዘግቶ ጠላቱን የማይቀሰቅስ ማሽላ! እኔን ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የጥንቱ የቻይና ጠቢብ ላኦ ዙም ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ታኦ የሚባለው የእሱ መንገድ ዝቅ ማለትን፣ ለስለስ ብሎ መቀበልን ያስተምራል፤ ውሃን የሚያወድሰውም ሰው የናቀውን ዝቅተኛ ቦታ ስለማይንቅ ነው። የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ይህ አይጠፋውም።

ደግሞ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እሱም የእኛው ተረት ነው። አፋችሁን ለወሬ ዝጉት፤ ለጥያቄ ግን ክፈቱት። ቶሎ የሚደርስ አጭር ማሽላ ይዞ የመጣ ምሁር ፍሬውን ሲመዝን፣ ገበሬው አገዳውን ያያል፦ ከብቴ ምን ይብላ? ምጣዱስ በምን ይጣድ? ይህን ሳይጠይቅ የመጣ ዘሩን ይዞ ይመለሳል። ከአባቴ ያልወረስኩት ዘር ማሳዬን አይረግጥም የሚል ሽማግሌም አለ፤ እሱንም አቀንጭራው አይምረውም።

እንግዲህ ሚያዝያ ሳይገባ ስሪንቃ ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከዚያ መሬቱን ሲያርስ የኖረውን ጎረቤት፣ ዘር የሚመርጡትን እናቶች ጠይቁ፤ አቀንጭራው የቱ ጋ እንደሚበረታ፣ ውሃው የቱ ጋ እንደሚተኛ። አዲሱን ዘር በሩብ ጥማድ ሞክሩት። ከሠመረ ለከርሞ ትጨምራላችሁ፤ ካልሠመረም የቀረው ማሳ በአባታችሁ ዘር ያበላችኋል።