«የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንጻፍ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ልጅ በወላጁ የእጅ ሥራ ማፈሩ የወጣትነት ድካም ነው ወይስ ኃጢአት? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በራሳችን ላይ ስለ ደረሰ ነው። አባታችን እዚህ ሀደሮ መካኒክ ናቸው። ከልጆቻቸው ሁለታችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስንመዘገብ በተሰጠን ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ነጋዴ» ብለን ጻፍን። ማንም አላስገደደንም፤ ተመካክረንም አልነበረም። በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ከተማ፣ ሁለታችንም ያንኑ ውሸት ጻፍን። ይህን ያወቅነው ቆይተን ስንጨዋወት ነው። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልን።

አባታችን የተወለዱት ከሀደሮ ከተማ ወጣ ባለ ገጠር ነው። አያታችን እንሰትና ዝንጅብል የሚያለሙ፣ ጥቂት ከብቶች የነበሯቸው ገበሬ ነበሩ። መሬቱ ለወንድማማቾቹ ሁሉ ሲከፋፈል አይበቃም ነበርና አባታችን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገና በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በመርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ገቡ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዛቸው ምግብና ማደሪያ ብቻ ነበር። ሥራቸውም ዕቃ ማቀበል፣ ቡሎን በናፍጣ ማጠብና ሌሊት ጋራዡን መጠበቅ ነበር። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ስሞች ሲያጠኑ አማርኛ የተማሩ ይመስላቸው ነበር። ቃላቱ የጣልያን መሆናቸውን እኛ ነን በኋላ የነገርናቸው። እኛ የቃሉን አገር እናውቃለን፤ እርሳቸው ዕቃው የሚሠራውን ያውቃሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሣጥን ቁልፍ ይዘው ወደ ሀደሮ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የአካባቢያችን ዝንጅብል በጭነት መኪና እየተጫነ ይወጣ ነበርና ሥራ አላጡም። ይሁን እንጂ አያታችን አልተደሰቱም። ምክንያቱን ለመረዳት የአገራችንን የቆየ በደል ማስታወስ ያስፈልጋል። በከምባታና በሀዲያ ምድር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከገበሬው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ በጋብቻም አይዛመዱም ነበር። በስድብ ስም ይጠሩ ነበር፤ ያ ስድብ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ የገበሬ ልጅ በገዛ ፈቃዱ ከብረት ጋር ሲውል አያታችን ልጃቸው ከክብር የወረደ መሰላቸው። የእናታችንም ቤተሰቦች ጋብቻውን ከመፍቀዳቸው በፊት ብዙ አቅማምተዋል። እንግዲህ በቅጹ ላይ የጻፍነው ውሸት ከእኛ የጀመረ አልነበረም፤ ከአያት የወረስነው ነው።

ነገሩ የከምባታ ብቻ አይደለም። በደጋው አገርም ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባል ነበር። የሚያርስበትን ማረሻ የሠራለትን ሰው እየፈራና እየናቀ በዚያው ማረሻ አርሶ ይበላ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ፣ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ሲያስነግሩ አገር ያለ ሠራተኛ እጅ እንደማይቆም ተረድተው ነበር። በዚያው ዓመት ገደማ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባች። መኪና በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ፤ ያ ንቀት ግን ከአዋጁም በኋላ ኖረ። አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይለውጥም።

አንዳንድ ወንድሞች «አባታችሁ ራሳቸው ‹እንደ እኔ እንዳትሆኑ ተማሩ› ይሏችሁ የለምን? ታዲያ ከሥራቸው መራቃችሁ ትእዛዛቸውን መፈጸም አይደለምን?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ይሉናል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አባት ልጁ ከመኪና ሥር በጭቃ ላይ እንዳይተኛ፣ ወገቡ በዐርባ ዓመቱ እንዳይጎብጥ መመኘቱ ፍቅር ነው። ልጅ ግን አባቱ በጭቃ ላይ ተኝተው ባስተማሩት ትምህርት ያንን ጭቃ ሲጸየፍ ውለታ መካድ ነው። አባታችን ድካሙ እንዳይደርስብን ፈለጉ እንጂ ስማቸው እንዲሰረዝ አልፈለጉም።

የሰው ክብር በእጁ በሚነካው ነገር የሚለካ ከሆነ አባታችን ዕድል የላቸውም። ቅዳሜ ማታ እጃቸውን በናፍጣና በሳሙና ያሻሹታል፤ ጥቁሩ ግን ከጥፍራቸው ሥር አይለቅም። እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ሽታው ሰው እንዳያውክ ብለው ከቅጥሩ ዳር ከዛፉ ሥር ይቆማሉ። እኛ ልጆቻቸው ከፊት ሆነን እንዘምራለን። አንድም ቀን «ወደ ፊት ይምጡ» አላልናቸውም።

ክብር በታማኝነት የሚለካ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመካኒክ ሥራ ማንም የማያየው ሥራ ነው። ባለ መኪናው ሞተሩን ከፍቶ አያይም፤ አሮጌ ዕቃ ገጥሞ የአዲስ ዋጋ መቀበል ቀላል ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ ሚኒባስ የፍሬን ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ ይፈስስ ነበር። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ዘይት ቢሞሉበት ለጊዜው ይይዛል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ሊከዳ ይችላል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ባለቤቱ «ዘይት ብቻ ሙላልኝ፣ እከፍልሃለሁ» አለ። አባታችን ጎማውን ፈትተው «ጎሚኒው ከሆሳዕና እስኪመጣ ድረስ አይሄድም» አሉ። ሰውየው ተሳድቦ መኪናውን ወደ ሌላ አስጎተተ፤ ከዚያም በኋላ አልተመለሰም። ጊዜው የዝንጅብል በሽታ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከገባ በኋላ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ የቀነሰበት ነበር። እናታችን ቆጮና ቡላ እየሸጡ ቤቱን ያቆሙበት ዘመን ስለ ነበር ተቆጣን፤ «ዘይቱን ቢሞሉለት ምን ነበረበት?» አልናቸው። እርሳቸውም «መኪናው ውስጥ የሚሳፈሩት እናንተ ብትሆኑስ?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወገኖቻችን! ነጋዴ ብለን በጻፍንበት ቦታ ላይ የሰረዝነው ይህን ሰው ነው። አባትንና እናትን ስለማክበር የታዘዘውን በቃል እናጠናለን፤ ነገር ግን ማክበር ማለት በዓል ሲደርስ ጉልበት መሳም ብቻ አይደለም። ማንነታቸውን በሰው ፊት መመስከርም ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ለማቃለል ያነሡበት የአረጋዊውን የዮሴፍን የጠራቢነት ሥራ ነበር፤ እርሱ ግን በዚያ ቤት ማደጉን አልናቀም። በኦሪት ዘጸአትም እግዚአብሔር ባስልኤልን ወርቅና ናስ እንዲሠራ በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ታዲያ እኛ ከማን በልጠን ነው?

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን ለአባታችን ነገርናቸው። እንደሚቆጡ ጠብቀን ነበር። ጥቂት አሰቡና «ለመሆኑ ምን እሸጣለሁ ብላችሁ ነው?» አሉ። እናታችን ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ብዙ ቆይተው ሲመለሱ «ቡና አፍሉ» ብቻ አሉ። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። ድካም የነበረው ማፈራችን ነው፤ ኃጢአት የሆነው ለማፈራችን ብለን መዋሸታችን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ቅጹን ሄደን አስተካክለናል፤ ጸሐፊዋ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችንም። በመካከላችን የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የጎሚስታ፣ የጫማ ሰፊ ልጆች አሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ወንድሞቻችን መካከልም እዚህ ቢሠሩት ያፍሩበት የነበረውን ሥራ እዚያ እየሠሩ ለወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩ አሉ። ሥራው አንድ ከሆነ የሚያስነውረው ሥራው አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እናድርግ። የወላጆቻችንን ሥራ በየተጠየቅንበት ቦታ በስሙ እንጥራው። በሚቀጥለው እሑድም ከዛፉ ሥር የሚቆሙትን አባቶችና እናቶች ወደ ፊት እንጥራቸው። እኛ ከአባታችን እንጀምራለን፤ እንቢ ካሉ ግን እኛ ከዛፉ ሥር አብረናቸው እንቆማለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።