በሐይቅ ዳር የሚኖር ወዳጅ፤ ስለ እንግድነት ዕዳ

ወዳጅን ለመጠየቅ ሩቅ አገር መሄድ ደግ ሥራ እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። መንገዱ ረዥም፥ ወጪውም ብዙ ቢሆን፥ የወዳጅ ፊት ድካሙን ሁሉ ያስረሳል። ነገር ግን ወዳጁ ራሱ በሰው አገር የሚኖር እንግዳ በሆነ ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። ጠያቂው የሚያድረው በወዳጁ ቤት ነው፤ ወዳጁ ግን የሚኖረው በሌላ ሕዝብ መንደር ነው። እንግዲህ የእንግዳ እንግዳ የሆነው ሰው ዕዳው ለማን ነው? በሩን ለከፈተለት ለወዳጁ ብቻ ነውን? ወይስ ማንም ፈቃዱን ሳይጠይቀው ሁለቱን ለተሸከመው መንደር ጭምር ነው?

ይህ ጥያቄ በሜክሲኮ አገር በቻፓላ ሐይቅ ዳር በየዕለቱ የሚታይ ነው። ቻፓላ በዚያ አገር ካሉት የተፈጥሮ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስፋቱ 1,100 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በሰሜን ዳርቻው አሂሂክ የሚባል መንደር አለ። መንደሩ ከጥንት የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መኖሪያ ሲሆን፥ በቅዱስ እንድርያስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለው። አየሩ ሙቀትም ብርድም ስለማይበዛበት፥ ኑሮውም ከሰሜን ጎረቤት አገሮች ይልቅ ስለሚረክስ፥ ከአሜሪካና ከካናዳ ብዙ ሰዎች በጡረታ ዘመናቸው እየመጡ ይቀመጡበታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ዴቪድ ኸርበርት ሎውረንስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1923 ከመንደሩ አጠገብ ባለችው በቻፓላ ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ስለ አገሩ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ጀመረ። በ1955 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች የቻፓላ ሐይቅ ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት መጻተኞች በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ።

ወደዚህ መንደር ወዳጁን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል። ጧት ጸጥ ያለው ውሃ፥ ከማዶ የሚታየው ተራራ፥ በድንጋይ የተነጠፈው ጠባብ ጎዳና፥ በግቢው ውስጥ የሚያብበው አበባ ሁሉ ያሳርፈዋል። የአገሬውም ሰው ትሑት ነው፤ አንድ ሜክሲኳዊ የገዛ ቤቱን ለእንግዳ ሲያመለክት «የእርስዎ ቤት» ብሎ መጥራት ልማዱ ነው። እንግዳው ይህን ሰምቶ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ቃሉ የአክብሮት ቃል ነው እንጂ የሽያጭ ውል አይደለም። ፈተናውም በዚህ ይጀምራል። በአክብሮት የተሰጠውን ቃል እንደ ውል የሚቀበል ሰው፥ ጥቂት ቈይቶ ቤቱን ብቻ ሳይሆን መንደሩንም የራሱ አድርጎ ይቈጥራል።

የግዕዝ ቋንቋ በዚህ ነገር ላይ መልካም ምስክር ነው። ነገደ ማለት ተጓዘ ማለት ነው፤ ሸቀጥ ይዞ ገበያ ለገበያ ዞረ ማለትም ነው። ነግድ የሚለው ቃል መንገደኛን፥ እንግዳን ያመለክታል። መንገድም፥ ንግድም፥ ነጋዴም፥ እንግዳም ከዚሁ ሥር ይቈጠራሉ። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ነጋዴውና እንግዳው በአንድ መንገድ ስለሚመጡ ነው። ሁለቱም ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ሁለቱም የሰው ደጅ ይመታሉ፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። የሚለያዩት ከገቡ በኋላ ነው። ነጋዴ የወሰደውን በዋጋው ይከፍላል፤ ከከፈለ በኋላም ዕዳ የለበትም። እንግዳ ግን በዋጋ የማይገዛውን ነገር ስለ ተቀበለ፥ ገንዘብ ቢሰጥም ዕዳው አያልቅለትም።

በዚህ ጊዜ የሐይቁ ዳር ነዋሪ እንዲህ ብሎ ይከራከር ይሆናል፤ «ቤቱን ገዝቻለሁ፤ አትክልተኛውን፥ ምግብ አብሳይዋን፥ ግንበኛውን በደመወዝ አሠራለሁ፤ ገንዘቤ በመንደሩ ስንት ቤተ ሰብ ያኖራል፤ ከዚህ የቀረ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይህ ክርክር በከንቱ የሚጣል አይደለም። በሐቅ የተከፈለ ደመወዝ በረከት ነው፤ ሥራ አጥቶ ከመሰደድም ብዙ ሰው ያድናል። ይሁን እንጂ ክርክሩ የነጋዴ ክርክር ነው። የነጋዴውን ሒሳብ ይዘጋል፤ የእንግዳውን ግን አይነካም። ባለገንዘብ በበዛበት ስፍራ የመሬት ዋጋ ከፍ ይላልና፥ የአጥማጁ ልጅ አባቱ በተወለደበት መንደር ጎጆ መቀለሻ ሲያጣ፥ ሻጩ በውዴታው ሸጧል፥ ገዢውም በሕግ ገዝቷል ብሎ ዝም ማለት ይቻላል። ሕግ አልፈረሰም፤ ሰው ግን ከቀዬው ወጥቷል።

የውሃውም ነገር ይህን ያስረዳል። ቻፓላ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። የሚመግበው የሌርማ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሳይደርስ በብዙ እርሻና ከተማ ያልፋል፤ ከሐይቁም ታላቂቱ ከተማ ጓዳላሃራ ከምትጠጣው ውሃ ከግማሽ የሚበልጠውን ትቀዳለች። ስለዚህ ዝናብ ሲያንስ ሐይቁ ፈጥኖ ይሸሻል፤ በ1955 እጅግ ጎደለ፥ በ2002 ገደማም እንደዚያው ጎድሎ ጭቃው ወጣ፤ በኋላ ዝናብ ሲበዛ ተመለሰ። እንደዚህ ባለ ዘመን በነዋሪና በመጻተኛ መካከል ያለው ልዩነት ይገለጣል። እንግዳ ደራሽ ውሃ ፈሳሽ እንደሚባለው፥ መጻተኛው ሐይቁ ቢደርቅ ዕቃውን አሥሮ ወደ ሌላ ዳርቻ ይሄዳል። መረቡን የሰቀለው አጥማጅ ግን የሚሄድበት የለውም። እንግዲህ እንግዳን እንግዳ የሚያሰኘው የሚናገረው ቋንቋ ወይም የያዘው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ መሄድ መቻሉ ነው። የመሄድ ነፃነት ያለው ሰው፥ መሄድ የማይችለውን ሰው ማሰብ ይገባዋል።

ታዲያ መጻተኛ የአገር ልጅ የሚሆንበት መንገድ የለምን? አለ። ኒል ጄምስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በ1943 ወደ አሂሂክ መጥታ በዚያው ቀረች። ለመንደሩ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተች፥ ሥዕል እንዲማሩም አደረገች፤ ቤቷንና የአትክልት ቦታዋን ለሐይቁ ማኅበር ሰጥታ በ1994 ዐረፈች። የልጆቹም የሥዕል ትምህርት ከእርስዋ በኋላ አልተቋረጠም። ይህች ሴት እንግዳ ሆና ገባች፤ ኋላ ግን በዚያው ሥፍራ የሌሎች ልጆች አስተናጋጅ ሆነች።

ከእርስዋ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ታይቷል። የቻፓላ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚቾአካን ክፍለ አገር ነው፤ በዚሁ ክፍለ አገር ውስጥ ፓጽኳሮ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። እስፓንያዊው ዳኛ ቫስኮ ደ ኪሮጋ በ1531 ወደ ሜክሲኮ በመጣ ጊዜ፥ የአገሩ ሰዎች በድል አድራጊዎቹ እጅ ተገፍተው፥ ተዘርፈው፥ በባርነት ሲሸጡ አየ። ከገዛ ደመወዙ መሬት እየገዛ የተበተኑትን መሰብሰብ ጀመረ። በ1533ም በፓጽኳሮ ሐይቅ ዳር ሳንታ ፌ ደ ላ ላጉና የተባለውን መንደር መሠረተ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር ዩቶፕያ በተባለው መጽሐፉ ያሰበውን የመልካም አገር ሥርዐት በሥራ ሊያሳይ ፈልጎ፥ መሬቱ የጋራ እንዲሆን፥ ሥራውም በቀን ከስድስት ሰዓት እንዳያልፍ ደነገገ። መንደሩን «ኦስፒታል» አለው፤ ቃሉ የወጣው እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም በአንድነት ከሚጠራ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ድውይና መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት ማለት ነው። በ1538 የሚቾአካን ጳጳስ ሆነ፤ በ1565 ዐረፈ። የፑሬፔቻ ሕዝብም እስከ ዛሬ «ታታ ቫስኮ»፥ አባታችን ቫስኮ እያለ ይጠራዋል።

ይህ ሰው የመጣው ከቀማኞቹ ጋር በአንድ መርከብ መንገድ ነበረ። እርሱም ገንዘብ አውጥቶ መሬት ገዛ፤ ነገር ግን የገዛው ለራሱ ሳይሆን መሬታቸውን ላጡት ነው። አንድ ዓይነት ብር፥ አንድ ዓይነት ሽያጭ፥ ሁለት ዓይነት ፍጻሜ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

እርግጥ ነው፥ ወዳጁን ለሁለት ሳምንት ሊጠይቅ የሄደ ሰው መንደር እንዲመሠርት አይጠበቅበትም። የእርሱ ዕዳ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነ ግን አይቀርለትም። ጎረቤቱን በቋንቋው እጅ ይንሣ፤ ሸክላ ከምትሸጠው ሴት ጋር ለሳንቲም አይሟገት፤ የሚጎድል ውሃ መሆኑን አውቆ በልክ ይጠቀም፤ በጥቂት ቀን ባየው ነገር በሕዝብ ሁሉ ላይ አይፍረድ። የወዳጁም ዕዳ አለ፤ እንግዳውን ወደ ሐይቁ ከመውሰዱ አስቀድሞ ወደ ጎረቤቱ ይውሰደው። ለብዙ ዓመት በመንደሩ ኖሮ የሚያስተዋውቀው ጎረቤት ያጣ እንደ ሆነ ግን፥ ገና ነጋዴ እንጂ እንግዳ አለመሆኑን በዚህ ይወቅ።

በኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባው ነበር። በዚህ አነጋገር ባለቤቱ ቤቱን የኔ አላለም፤ እንግዳውም የኔ ይሁን አላለም። ሁለቱም ለጊዜው ያደሩበት መሆኑን ተስማምተው በአንድ እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ። በቻፓላ ዳርም ሆነ በሌላ ውሃ ዳር፥ ገዝቶ የገባውም ተወልዶ ያደገውም ይህን ቢያስቡ፥ የመሬቱ ዋጋ ቢወደድ እንኳ ሰው በሰው ዘንድ አይረክስም።