ቅናሹን የሰጠው ማን ነው?

ልጆቼ ሆይ፤ ዋጋ ማስቀነስ መቼ ብልህነት፥ መቼስ ስርቆት ይሆናል?

በአምቦ ያስተማርሁት አንድ ነጋዴ፥ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጋር ባለ ሁለት በር የእሽቅድድም መኪና በ10 ሚሊዮን ብር ተስማምቶ ወደ ቤቴ መጣ። ተከራክሮ በማስቀነሱ አልነቀፍሁትም፤ ክርክር የገበያ ወግ ነው፤ ሻጩም የቀነሰው ከገዛ ትርፉ ነው። ኋላ ግን፥ «ጋሼ፥ በውሉና በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግማሹ ነው፤ ምስክር ይሁኑልኝ» አለኝ።

እስቲ አስቡት። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነውና፥ ከተሰወረው 5 ሚሊዮን ብር ለመንግሥት መግባት የነበረበት 750 ሺህ ብር ይቀራል። ይህን ቅናሽ የሰጠው ሻጩ አይደለም። በጉደር ሳሙና የምትገዛው እናት ይህንኑ ታክስ በሳሙናዋ ዋጋ ውስጥ ትከፍላለች፤ ለእርስዋ ግማሹን የሚጽፍላት የለም። መኪናው የሚሮጥበትም መንገድ የሚሠራው ከእንዲህ ያለው ገንዘብ ነው።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። የሠሪው መብዛት በደልን ጽድቅ አያደርገውም ብዬ እንቢ አልሁት። በየዓመቱ ለመስቀል ይጠይቀኝ የነበረው ልጅ ዘንድሮ ቀረ። አዝኛለሁ፤ ነገር ግን አልተጸጸትሁም።

እንግዲህ ዋጋ ስታስቀንሱ፥ የሚጎድልበት ሰው ራሱ እሺ ማለቱን እዩ። እርሱ በሌለበት የተቀነሰ ከሆነ፥ ስሙ ቅናሽ አይደለም።