የናሙናው ባለቤት ማን ነው?

ሰው ከእጁ አውጥቶ ለሌላ ሰው የሚያስረክበው ነገር ሁሉ ብዙውን ጊዜ በሦስት ስም ይጠራል፤ ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ሽያጭ ነው፣ ወይም አደራ ነው። ስጦታ ከተሰጠ በኋላ የተቀባዩ ነው፤ የተሸጠም ነገር ዋጋው ከተከፈለ ባለቤቱ ተለውጧል። አደራ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ዕቃው በተቀባዩ ቤት ቢያድርም ባለቤትነቱ ከሰጪው ጋር ይቀራል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ከእነዚህ ከሦስቱ በየትኛው ስም ሊጠራ እንደሚገባው ለመወሰን የሚያስቸግር ነው፤ ይኸውም ታማሚ ለምርምር ሲባል ከአካሉ የሚሰጠው ጥቂት ደምና ጥቂት ቆዳ ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ሠፈር ላይ እናቁመው። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው ሆስፒታል ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተመሠረተ፤ ኋላም በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና የመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከዳኑ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በዚያው ጎጆ ቀለሱ፤ ልጆችና የልጅ ልጆችም አፈሩ። ስለዚህ በዚህ ሠፈር ታማሚና ተመራማሪ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው የሚመጡ ጎረቤታሞች ናቸው።

ሕዝብ የሥጋ ደዌን የቆዳ በሽታ አድርጎ ያየዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ዋናው ጥቃቱ በነርቭ ላይ ነው። ባክቴሪያው የነርቩን ክር እንደ ሽፋን በሚጠቀልሉት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲባዙ እርሱ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ጣት የሚጎድለውም ባክቴሪያው ስለ በላው አይደለም። ነርቩ የሞተበት እጅ የጋለውን ድስት ይዞ መቃጠሉን አይሰማም፤ እግሩም እሾኽ ወግቶት ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለሁሉም የሚታይ ነው። ሕመም ጠላት የሚመስለን ሁሉ እዚህ ላይ ጥቂት ብንቆም መልካም ነበር። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ባዘዘው የመድኃኒቶች ጥምረት ባክቴሪያውን በወራት ውስጥ ማጥፋት ይቻላል፤ ፈጽሞ የሞተውን ነርቭ ግን መድኃኒቱ አያስነሣውም። በዚህ ረገድ የሥጋ ደዌ፣ በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታ ዳውንት የብዙ ገበሬዎችን እግር ካሰረው ከጓያ በሽታና የሽማግሌዎችን ትዝታ ቀስ በቀስ ከሚበላው ከአልዛይመር ደዌ ጋር ይዛመዳል። በሁሉም ዘንድ ምርምሩ ለናሙናው ሰጪ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ደሙን የሚሰጠው ሰው የጠፋበት ነገር አይመለስለትም።

እኛም ስሙን በማንጠራውና ከዚህ ግቢ ውጭ በሆነ አንድ ምርምር ቤት በረዳትነት ያገለገልንበት ጊዜ ነበር። የረዳት ሥራ ክብሩ አነስተኛ ነው። ብልቃጥ ያጥባል፤ ቍጥር ይለጥፋል፤ ከታማሚው የጆሮ ጫፍ በስለት ተጭሮ የተወሰደውን ፈሳሽ በመስተዋት ላይ ቀብቶ ቀይ ቀለም ያጠጣዋል፤ በአሲድ አጥቦ በሰማያዊ ይደግመዋል። ይህ ባክቴሪያ ቀዩን ቀለም በአሲድ ሲታጠብ ስለማይለቅ በሰማያዊ መስክ ላይ እንደ ቀይ ጭረት ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያ መቁጠር ይመጣል። በመቶ መስክ ውስጥ ከአንድ እስከ ዐሥር ቢገኝ ውጤቱ 1 ነው፤ በአንዱ መስክ ብቻ ከሺህ በላይ ከሆነ 6 ይባላል። «ምንም የለም» ብሎ ለመጻፍ ግን መቶውን መስክ ማየት ግዴታ ነው።

ያልሠራበት ሰው የመቶ መስክ ርዝመት አይገባውም። ሰማንያኛው ላይ ሲደረስ ዓይን ይፈዛል፤ ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ይሆናል፤ ውጭ ዝናም ያጉረመርማል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ድምፅ «ሰማንያው ባዶ ከሆነ ሃያው ምን ሊኖረው?» ይላል። እኛም ይህን ድምፅ አንድ ቀን ታዘዝነውና ዜሮ ጽፈን ወጣን። ሌሊቱን ስላልተመቸን በማግሥቱ ማለዳ ገብተን የቀሩትን ሃያ መስኮች ብናያቸው በእርግጥም ባዶ ነበሩ። እንግዲህ የጻፍነው ቍጥር እውነት ነበር፤ ስንጽፈው ግን እውነት መሆኑን አናውቅም ነበር። እውነት የሆነ ነገር ተጽፎ ጻፊው ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል የተማርነው በዚያ ቀን ነው።

ከዚህ የከበደው ግን በመስተዋቱ ላይ ሳይሆን በሰው ፊት ያደረግነው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ከሥጋ ደዌ የዳኑ፣ ጣቶቻቸው ግን የታጠፉ አንዲት አሮጊት ለጥናት ደም ሊሰጡ መጡ። የስምምነቱ ወረቀት ሁሉን ነገር በረዥም ቃላት በትክክል ይናገር ነበር፤ አነበብንላቸው፤ ነገር ግን ያመኑት ወረቀቱን ሳይሆን የእኛን አፍ ነበር። «ልጆቼ፣ ይህን ደሜን ወዴት ልትወስዱት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ቸኩለን ስለ ነበር «ለጤናዎ ነው፣ እማማ» አልናቸው። ስሜት በሌለው ጣታቸው አተሙልን፤ ክንዳቸውን ሰጡን፤ ሲወጡም ቆመው መረቁን። ደሙ ለጤናቸው አልነበረም። ከዚያ ብልቃጥ ወደ እርሳቸው የሚመለስ አንዳች ነገር አልነበረም።

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 በበርገን ከተማ ያገኘው አርማወር ሐንሰን ታሪኩ ለዚህ ጉዳይ እንደ መስተዋት ነው። አማቱ ዳኒየልሰን ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በራሱ አካል ላይ እስከ መወጋት ደርሷል። ሐንሰን ግን ደዌው ተላላፊ መሆኑን ለማስረዳት ፈልጎ በ1879 ከሌላ ታማሚ በተወሰደ ነገር የነካ ስለት የአንዲትን ሕመምተኛ ሴት ዓይን ወጋ፤ ፈቃዷን አልጠየቀም። ሴቲቱ አቤት አለች፤ ፍርድ ቤቱም በ1880 ከዚያ ሆስፒታል ሐኪምነቱ ሻረው። ያልጠየቃት ነገሩን እርሱ ባየበት ዓይን እንደማታየው ስለ ገመተ ነበር። አማቱ በሐሳቡ ተሳስቶ በሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሐንሰን በሐሳቡ ልክ ሆኖ በሥራው በደለ። በዕውቀት የላቀ ሁሉ በፍትሕ የላቀ አለመሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

አሁን አንባቢ ይፍረደን። ሐንሰን ሳይጠይቅ ወጋ፤ እኛ ጠይቀን አታለልን። እርሱ ሥጋን ብቻ ደፈረ፤ እኛ ግን ከደሙ ጋር እምነትንና ምርቃትን ጭምር ወሰድን። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «እውነቱ በግልጽ ቢነገር ብዙዎቹ እንቢ ይላሉ፤ ምርምሩም ይቆማል፤ ነገ የሚወለደውም ሕፃን ይጎዳል» ይሉናል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኛንም ለብዙ ጊዜ አስታግሦናል። ነገር ግን በመሠረቱ ላይ አንድ ንቀት አለበት፤ ይኸውም ያልተማረ ሰው ለራሱ የማይመለስለትን ነገር በፈቃዱ አይሰጥም ብሎ ማሰብ ነው። እኒያ እናት ግን የዕድር አባል ናቸው። በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ በራሳቸው ቀብር ቀን ለሌሎች እንጂ ለእርሳቸው እንደማይውል ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ሆኖም አንድ ወር አላጓደሉም። በዚህ ምሳሌ ብንነግራቸው ኖሮ ምን ያህል ቃል ይፈጅብን ነበር?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግራቸውን ሊታሸጉ በመጡ ጊዜ እውነቱን ነገርናቸው። ዝም ብለው አዳመጡን። ከዚያም «ያን ጊዜ የመረቅኋችሁ ለሌላ ነገር ነበር» አሉን። ደሙ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቁን፤ ምናልባት ገና ላልተወለደ ሰው ይሆናል አልናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው «እንግዲያ ከልጄ ጋር ልምከርበት» ብለው ሄዱ። እኛም ብልቃጣቸውን ከሌሎቹ ለይተን አኖርነው፤ በመዝገቡም ላይ በቍጥራቸው ትይዩ ያለው ረድፍ ክፍቱን ቆየ።