ስለ ሰመመንና ስለ ፈቃድ

ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ ማርሴል ግሪዮል ይመራው ከነበረው የምርምር ጓድ ጋር በ1924 ዓ.ም ክረምት ጎንደር ገብቶ፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት መልካም አየሁ ከምትባል ስመ ጥር ባለዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጽፎ አስቀርቶልናል። ዕጣኑ ጤሶ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ከበሮውና ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ቀድሞ ሕመሟን በለሆሳስ ትናገር የነበረችው ድውይ ራሷን እያሽከረከረች ታጓራለች፤ በገዛ አንደበቷም የሌላ ስም ጠርታ ትፎክራለች፤ ባለዛሪቱም ያንን ፎካሪ ማንነቱንና ምሱን ጠይቃ ትደራደረዋለች።

በዚያች ሰዓት የሚናገረው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ ነው ብላ በጸሎትና በጠበል ታስወጣዋለች፤ ይህን ለሊቃውንቱ ትቼ እኔ የምጠይቀው፣ ነባቢት የሆነች ነፍስ ፈቃዷን ለሌላ ስታስረክብ ለራሷ ምን ይቀራታል የሚለውን ነው።

አውሮፓም በዚህ ተቸግራ ነበር። መስመር የተባለው ሐኪም ከሰው ወደ ሰው የሚፈስ ረቂቅ ኃይል አለኝ እያለ ፓሪስን ባወከ ጊዜ፣ በ1784 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የፈረንሳይ ንጉሥ የሳይንስ ሊቃውንቱ ፍራንክሊንና ላቮዋዚየ ያሉበት መርማሪ ጉባኤ አቆመ፤ ጉባኤውም አንድ ብላቴና ዓይኑን ሸፍኖ ከዛፍ ወደ ዛፍ ቢያስመራው፣ ልጁ ኃይል ተሰጥቶታል ከተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ማንም ካልነካው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። መርማሪዎቹ «ምናብ ነው» ብለው መዝገቡን ዘጉ፤ ለእኔ ግን ጥያቄው የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው፤ ልጅን መሬት ላይ የሚጥል ምናብ ከንቱ ነገር ሊሆን አይችልምና።

ዛሬ ሂፕኖሲስ ወይም ሰመመን የምንለው ሕክምና ከዚህ ክርክር የወጣ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበርም በ1955 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሕመምን ለማስታገሥ እንደሚጠቅም መስክሮለታል። ሐኪሙ የታማሚውን ዓይን በአንድ ነጥብ ላይ አስተክሎ፣ በዝግታ እየተናገረ ልቡናውን ከሌላው ሁሉ ይሰበስብለታል፤ «እጅህ እየቀለለ ነው» ሲለውም እጁ ያለ ድካም፣ በራሱ የተነሣ መስሎ ይነሣል። ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ታማሚው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ካልፈለገም ከነጭራሹ አይገባበትም።

እንግዲህ ፈቃድ አልተነጠቀም፣ ተሰጠ እንጂ። በጎንደርም እንዲሁ ነው፤ በጎንደር ያጠናው አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግ በ1958 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ጽሑፉ እንዳመለከተው፣ ሚስት በራሷ አፍ ልትጠይቅ የማትደፍረውን ልብስና ሽቶ ዛሯ ይጠይቅላታል፤ ባልም ይሰጣል። ከዚህ ወዲያ «አታላይ ናት» ወይም «ምንም አታውቅም» ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አላዋቂነት ይመስለኛል።

ልዩነቱ በውሉ ላይ ነው። በሐኪሙ ዘንድ ፈቃድ በውሰት ሄዶ፣ ታማሚው ከወንበሩ ሲነሣ ይመለሳል፤ በባለዛሩ ዘንድ ግን በወለድ አገድ እንደ ተያዘ ርስት ነው፤ ምስ በየጊዜው ይከፈላል፣ ዕዳው አያልቅም፣ ድውይዋም ከዚያ ቤት አትወጣም። ሂፕኖሲስም ቢሆን ወሰን አለው፤ የምጥን ፍርሃትና የጥርስን ሕመም ያቀል ይሆናል፣ የደምብያን ወባ ግን አይፈውስም።

ስለዚህ በጎንደር ሕክምና የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ድውይዋ ወደ እናንተ ከመምጣቷ በፊት በማን ቤት እንዳለፈች ሳትንቁ ጠይቋት፤ ሰመመንን የምትሞክሩ ከሆነም መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ እሺታዋንም ከራሷ አፍ ስሙ።